በሁዳዴም ሁለት ጊዜ አልቤያለሁ

ወሬው የደረሰኝ እዚህ ድሬዳዋ፣ እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ነው። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሁልጊዜ አጠፋዋለሁ። ያን ዕለት ስከፍተው ታናሽ እህቴ ከቡሬ ሰባት ጊዜ ደውላልኛለች። ሰው የሞተ መስሎኝ ከግቢው እንኳ ሳልወጣ፣ ቅጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ደወልኩላት።

የሞተ ሰው የለም አለችኝ። ከዚያ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ድሬዳዋ ሙቀት አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። የእኛ አገር ሰው ክፉ ወሬ ሲይዝ ሰላምታው ይረዝማል፤ የእሷም ያን ዕለት ረዘመ። በመጨረሻ ስለ ሽማግሌዎቹ አነሳች። ልጄን ለአንድ ዲያቆን የጠየቁ ሽማግሌዎች ናቸው። ልጄ ቡሬ ከእህቴ ቤት ሆና ታስተምራለች። ዲያቆኑ ደግሞ በባለቤቴ መንደር የሚያገለግሉት መሪጌታ የልጅ ልጅ ነው። ልጆቹ ተዋደዋል፤ ተክሊሉ ከትንሣኤ በኋላ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ሁለቴ መጥተው ሦስተኛው ላይ ቀሩ።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"እነሱ ምንም አላሉም። ይባላል ነው ያሉት።"

"ምን ይባላል?"

"እናትየዋ አገር ቤት ሳለች በሁዳዴ የፍየል ወተት ትጠጣ ነበር ይባላል። እኛ የምንፈልገው ከጾመኛ ቤት ነው አሉ።"

ጾመ ነቢያት ላይ ነበርን። ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ መለስኩ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የሞተ የመሰለኝ ነገር ሠርግ ጠብቆ ተነሣ።

እህቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ መፍትሔ ይዛ ነው የደወለችው። "አንድ ጊዜ ተሳስቼ ነበር፣ ንስሐ ገብቻለሁ ብለሽ በስልክ ንገሪያቸው" አለችኝ። ንስሐ የገባን ሰው ደፍሮ የሚመልስ የለም፤ ሽማግሌዎቹም ይህን ቃል ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ እስከ ቃና ዘገሊላ ይጠብቃሉ፤ ልጅቱ ታገባለች፤ ነገሩ ያልቃል። ሁሉንም አስባዋለች።

እንቢ አልኳት። ያልሠሩትን ኃጢአት ሠርቻለሁ ማለት ሐሰት ነው፤ በንስሐ ስም ሲነገር ደግሞ ይብሳል። ልጄን በሐሰት ድሬ ምን ዓይነት ምርቃት እመርቃታለሁ?

ማለቡን ግን አልክድም። እንዲያውም ከሚወራው በላይ ነው ያለብኩት። ሁዳዴን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ ሁለት ጊዜ አልቤያለሁ። ረቡዕና ዓርብም አልቤያለሁ። በሰሙነ ሕማማት አልቤያለሁ። ስቅለት ዕለት ከስግደት ስመለስ ከፍየሎቹ ሥር ተቀምጫለሁ። የጠጣሁት ግን አንዲት ጠብታ የለችም። ነገሩን ከሥሩ ልናገረው።

እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ። ባለቤቴ የተወለደው ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ መንደር ነው። እናቱ ወገባቸውን ታመው ብቻቸውን ሲቸገሩ፣ ሥራውን ትቶ ሊጦራቸው ወሰነ፤ እኔም ልጄን ይዤ ተከተልኩት። ላማቸው አርጅታ ነጥፋ ነበር። ባለቤቴ ከሽንዲ ገበያ ሁለት እንስት ፍየሎች ገዝቶ መጣ፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ጥቁር። ያሰበው ለርቢ ነው። ማለቡን ያሰብኩት እኔ ነኝ።

በዚያ መንደር ፍየል ይሸጣል፣ ይታረዳል፤ አይታለብም። የፍየል ወተት የቆላ ሰው መጠጥ ነው፤ ደገኛ ከጠጣውም ሳል ሲይዘው እንደ መድኃኒት፣ በሩን ዘግቶ ነው። እኔ ግን አያቴ የዓባይ በረሃ ሰው ስለነበሩ ፍየል ሲታለብ እያየሁ ነው ያደግሁ። ግሬራ የምንለውን የማለቢያ ዕቃ ይዤ መጀመሪያ ቀን በረቱ ውስጥ ስቀመጥ፣ አጥር ለአጥር የምንገናኝ አንዲት ሴት ለሌላዋ፣ እንድሰማ አድርጋ፣ "ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ" አለች። ለእኔ ነው። ገና መምጣቴ ነበራ። ተረቱስ ደስ አለኝ፤ ቅጠል የማትበጥስ ፍየል ወተት አትሰጥም ብዬ መለስኩላት። ሳቁ።

የመጀመሪያው ዓመት ስሕተቴ ግን የራሴ ነው፤ የማንም አይደለም። ፍየሎቹን ጠዋት ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የማልበው። ሁዳዴ ሲገባ ያየኝ ሁሉ "ይረፉ እንጂ" አለኝ። በጾም ማን ይጠጣዋል፤ ግታቸው ይረፍ፤ ለፋሲካ ያጠራቅሙልሻል። ነገሩ ጽድቅ ጽድቅ ሸተተኝ። ከብቱም ከሰዉ ጋር የሚጾም መሰለኝ። በሁለት ቀን አንድ ጊዜ አደረግሁት፤ ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ፤ ሆሳዕና ሲደርስ ጨርሶ ተውኩት። በየቤቱ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ላም ያለውም እንዲህ ያደርግና ለፋሲካ ወተት ጠፋ ብሎ ሣሩን ይወቅሳል።

የፋሲካ ጠዋት ከቅዳሴ ተመልሼ፣ የተጠራቀመውን ላመጣ ግሬራዬን አጥቤ ገባሁ። ከሁለቱ ፍየሎች ያገኘሁት የግሬራውን መቀመጫ አላረጠበም። አማቴ ከአልጋቸው ሆነው የባዶውን ድምፅ ሰሙት።

"ፍየሎችሽ ከአንች ይልቅ ጾመኛ ሆኑ" አሉኝ። "ጾሙን የሚገድፉም አይመስሉኝ።"

ዓመት ሙሉ ሳስበው ከረምኩ። ግት ጎተራ አይደለም። ጎተራ ካልነኩት እንደሞላ ይቆያል፤ ግት ግን ሞልቶ ሲቆይ ማምረቱን ይተዋል። በኋላ ለቀበሌያችን የተመደበችው የግብርና ባለሙያ ይህንኑ በሌላ ቃል ነገረችኝ፤ ወተቱ ሳይወጣ ሲቀር ሰውነቷ "ፈላጊ የለም" ብሎ ይቀንሳል አለችኝ። እኔ ግን እሷ ከመምጣቷ በፊት በእጄ አይቼው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሁለቱ ፍየሎች በገና ሰሞን ተቀራርበው ወለዱ። አንድ የቲማቲም ጣሳ አጠብኩና ከውስጡ በምስማር ጭረት አወጣሁበት፤ ስንት ጭረት እንደሞላ እንዳውቅ። ግልገሎቹን ማታ ማታ ለብቻ ዘግቼ አሳድራለሁ፤ ሳልብም ለእነሱ አንድ ጡት እተዋለሁ። ቀይዋን ጠዋት ብቻ አለብኩ። ጥቁሯን ጠዋትና ማታ። ጥቁሯ ጠዋት የምትሰጠው ከቀይዋ ጥቂት ነው የሚያንሰው፤ ሌሊቱ ረጅም ነውና። የማታው ሲጨመርበት ግን በለጠች። ሁለት ሳምንት ሲሆን የቀይዋ ከጭረት ጭረት እየወረደ ሄደ፤ የጥቁሯ ባለበት ቆመ።

አንዷ በተፈጥሮዋ የተሻለች እንደሆነስ ብዬ ደግሞ ቀያየርኳቸው። ጥቁሯን ወደ አንድ ጊዜ አወረድኳት፤ ወተቷም ወረደ። ቀይዋን ወደ ሁለት አወጣኋት፤ ወተቷ ተነሣ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ከነበረችበት አልደረሰችም። በእነዚያ ሳምንታት ያጣችውን ሙሉ በሙሉ አልመለሰችውም። ይህን ሳይ አዘንኩላት፤ ለራሴም እልህ ያዘኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ። በቀን ሦስት ጊዜም ሞክሬያለሁ፣ አልዋሽም። ስምንት ቀን አለብኩ፤ የተጨመረው ከጣሳው ቂጥ ከፍ አላለም፤ ፍየሎቹ ከግጦሽ እየተጎተቱ ከሱ፤ የጥቁሯ ጡት ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ስስት ነው ብዬ ተውኩት።

ሁዳዴ ገባ። እኔም ሳልቀንስ ቀጠልኩ። አማቴ ሦስት ቀን አዩኝና በአራተኛው ጠሩኝ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

"ልጄ፣ ጾም የተሠራው ለአፍ ነው" አሉ። "ለግት የተሠራ ጾም አልሰማሁም። እለቢ። ግን ሰው ይጠይቅሻል፤ ለማን ነው ሲሉሽ መልስ ይኑርሽ።"

እውነታቸውን ነው። ልጄ በዚያው ዓመት ሰባት ዓመት ሞልቷት የመጀመሪያ ሁዳዴዋን ጀምራ ነበር። ከዚያ በታች ያለ ሕፃን በቤታችን የለም። ወተት የተፈቀደለት አንድ አፍ እንኳ የሌለበት ቤት ነበር። መጀመሪያው ሳምንት ላይ ለውሻችን ነው የሰጠሁት፤ ወልዳ ነበር። በዚያ ቤት የሁዳዴ ወተት የጠጣ ፍጡር ከተፈለገ እሷ ናት፤ ቡችሎቿም ያማሩ ነበሩ።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴት መጣች። ሰው ሁሉ የከሰዓት ቅዳሴ ሄዶ መንደሩ ጭር ባለበት ሰዓት ነው። ጡቷ አብጦ መግል ይዞ ወተቷ ተቋርጧል። በጀርባዋ ያዘለችው የሦስት ወር ልጅ ነው። በጋ ነው፤ የመንደሩ ላሞች ነጥፈዋል። ኩባያ ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ሳትናገር ዘረጋችልኝ። አፈላሁላት፤ እንዴት አቅጥና እንደምትሰጠው የጤና ኬላዋን ሠራተኛ እንድትጠይቅ ነገርኳት። ልትወጣ ስትል ተመለሰችና እጄን ያዘችኝ።

"እህቴ፣ በአደራ። የፍየል ወተት የጠባ እንዳይባልብኝ። ሲሮጥ ባዩት ቁጥር ፍየሉ ተነሣበት ይሉታል።"

አደራዋን ተቀበልኩ። አደራ መቀበል ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቃል።

ወተት ያን ጊዜ ማስቀመጫ የለውም፤ የጠዋቱ ከሰዓት በኋላ ይበላሻል። ሕፃን ጠዋት ጠጥቶ እስከ ነገ ጠዋት ቆይ አይባልም። ማታ ማለብ የጀመርኩት በጣሳዬ ጭረት ምክንያት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በዚያ ልጅ ምክንያት ሆነ። አንድ ማታ ብተው የሚቀንሰው የእሱ ነው። ስቅለት ነው ብሎ ሕፃን ሳይጠጣ አይውልም።

መሪጌታ ያዩኝ በሁዳዴ እኩሌታ ገደማ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የፍየል ወተት ጠንከር አድርገው ሲያልቡት አረፋው ብዙ ነው። ወደ ጣሳው ገልብጠው ቢለኩት ግማሹ አረፋ ነው፤ ጭረቱን ሸፍኖ ያታልላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጣሳውን ወደ አፌ አቅርቤ አረፋውን እፍ እልና ነው የምለካው። ያን ዕለትም እንዲሁ ጣሳውን ከፍ አድርጌ፣ ከንፈሬን አጠጋግቼ እፍ ስል፣ እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ከአጥሩ ወዲያ ቆመዋል። ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው። አረፋ ከከንፈሬ ላይ ሳይኖር አይቀርም። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁና ተነሥቼ እንደምን ዋሉ አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። ዓይናቸው ጣሳው ላይ ነው። "ፍየል ይታለባል እንዴ?"

"ይታለባል፣ አባቴ።"

"በሁዳዴ?"

"በሁዳዴም።"

"ለማን?"

አማቴ ያስጠነቀቁኝ ጥያቄ መጣ። መልሱ ከአጥሩ ማዶ በሦስተኛው ቤት ተኝቶ ነበር፤ ግን አደራ ነው። "ለሚገባው" አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። ያች ፈገግታ አሥራ ሦስት ዓመት ኖረች። "ፍየል የሚቆምበትን ቦታ ታውቂዋለሽ" አሉኝ። በዕለተ ምጽአት በግራ የሚቆሙትን ማለታቸው ነው። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልሆነልኝም። "የሚያቆመው እረኛው ነው፣ አባቴ፤ እሱ ያውቃል" አልኳቸው። መቋሚያቸውን አንዴ መሬት ላይ መታ አድርገው ሄዱ።

እሳቸው በስሜ ምንም አላሉም። ስለ ሆዳቸው ጾሙን ስለሚሸጡ ሰዎች በደጀ ሰላሙ አንድ ነገር ጣል አደረጉ፤ ሌላውን ሰሚው ሞላው። ከዚያ ወዲያ በማኅበር ቀን እኔ የያዝኩት ንፍሮ ጋ ሲደርሱ የጠገቡ በዙ። ሆሳዕና ዕለት አጠገቤ የቆመች ሴት ልጇን ወደ ሌላው ጎኗ አዞረች። አማቴ ተቆጥተው በሰው ተደግፈው ሊሄዱና ሊናገሩ ፈለጉ፤ እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። ማታ ማለቤን ግን አልተውኩም። ብተወው ያሰቡት እውነት ይመስላቸዋል፤ የልጁም ኩባያ ይጎድላል።

ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ጣሳውንና አረፋውን ጭምር። ሳቁና መልሰው ኮስተር አሉ። እግዚአብሔር ያየውን ለሰው ለማስረዳት አትድከሚ፤ በአንች ላይ ብቻ እስካረፈ ድረስ ተሸከሚው አሉኝ። አሁን አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቃላቸውን ጠበቅሁ። ይኸው ዛሬ ግን በእኔ ላይ ብቻ ማረፉ ቀርቷል።

እነሆ ሌላም ወሬ አለ አለችኝ እህቴ፤ ከአገር የወጣችው አፍራ ነው ይባላል። አማቴ ካረፉ በኋላ ባለቤቴ ድሬዳዋ ሥራ ስላገኘ ነው የመጣነው። ያፈርኩበት ነገር የለም። እዚህ ጎረቤቴ ፍየሎቿን ጠዋትና ማታ ታልባለች፤ የእኔን ታሪክ ስነግራት ያልገባት ውሸቱ ሳይሆን ማፈሩ ነው። "ታዲያ እናንተ ዘንድ ፍየል ወተቷን ለማን ትሰጣለች?" ብላ ጠየቀችኝ። ለሚገባው አልኳት፤ ልማድ ሆኖብኝ።

ከእህቴ ጋር በተነጋገርን በማግስቱ ለዚያች ኩባያ ከነጠላዋ ሥር ላወጣችው ሴት ደወልኩላት። በጣም ደስ አላት። ልጇ ስድስተኛ ክፍል መድረሱን፣ ከክፍሉ ሁለተኛ መውጣቱን፣ እግሩ ፈጣን መሆኑን ነገረችኝ። አመሰገንኩ። ከዚያ ስለ ሽማግሌዎቹ አነሣሁላት፤ ለመሪጌታ አንድ ቃል ብትነግሪልኝ አልኳት። ኔትወርኩ እንቢ አለን፣ አይሰማኝም አለች። እኔ ግን ከኋላዋ ዶሮዋ ስትንጫጫ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። ስልኩ ተዘጋ። ደግሜ ብደውል አልተነሣም።

ልጄ ያን ዕለት ማታ ደወለችልኝ። እህቴ የምትለውን እንዳልሰማ ልትነግረኝ ነው።

"እማዬ፣ ያላደረግሽውን አድርጌአለሁ እንዳትይ" አለችኝ። "ለፍየሎቹ ውሃ የማመጣ እኔ ነበርኩ። ሁሉንም አይቻለሁ።"

"ቢቀርስ?"

"ቢቀር ይቀራል።" ድምፅዋ ግን እንደ ቃሏ አልጠነከረም። ትወደዋለች። የእሷ ምስክርነት ደግሞ የእናቷ ልጅ ናትና አይቆጠርላትም።

ስለዚህ እጽፋለሁ። መሪጌታ፣ አባቴ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። እርስዎ ያዩት ከንፈሬንና ጣሳውን ነው፤ ሲወርድ ግን አላዩም። ትንፋሽ እንጂ ጉሮሮ አልነበረም። በጾም ማለብ ኃጢአት ከሆነ ይንገሩኝ፤ የቱ ሥርዓት እንዳለው ያሳዩኝና እቀጣለሁ። ካልሆነ ግን እኔ ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር የለኝም። እንደገና በዚያ ቤት፣ በዚያ ሁዳዴ ብገኝ፣ እንደገና ሁለት ጊዜ አልባለሁ።

አሁን ደግሞ ለእናንተ፣ ያን ወተት ለሕፃኖቻችሁ ለወሰዳችሁት። አንዷ ብቻ የሆንሽ ይመስልሻል፤ ሌላዋም እንዲሁ። ምስጢራችሁን ለየብቻ ስለጠበቅሁ አትተዋወቁም እንጂ ሦስት ነበራችሁ። አንዷ ጠዋት ጎህ ሲቀድ፣ አንዷ ሰው ቅዳሴ ሲሄድ፣ አንዷ ማታ ፍየሎቹ ሲገቡ ትመጣ ነበር። ሦስቱም ልጆች በሕይወት አሉ፤ አንዳቸውም ፍየል አልሆኑም። ስማችሁን በዚህ ጽሑፍ አልጠራም፤ በሽማግሌ ፊትም ቢያስምሉኝ አልጠራም። አደራው እንደ አደራ ይቆያል። ልትፈቱት የምትችሉት ሰጪዎቹ ናችሁ።

የምለምናችሁ ይህን ነው። ከቃና ዘገሊላ በፊት፣ በመረጣችሁት ቀን፣ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ ወደ መሪጌታ ቤት ሂዱ። ስለ እኔ ደግነት እንድታወሩልኝ አልፈልግም። "ያ ወተት ወደ እኔ ቤት ነበር የሚመጣው" በሉ፤ ይኸው ነው። ሦስታችሁም መሄድ ቢከብዳችሁ፣ አንዳችሁ ሂዱልኝ።